የዳንቴል ሹራብ ቀዳዳ ምንድን ነው?

በእጅ የተሠራ ዳንቴል ሹራብ ካገኛችሁ መስኮት ጋ ወስዳችሁ ብርሃን ላይ ዘርጉት። ቅጠሉ፣ ማዕበሉ፣ አበባው ወለል ብሎ ይታያል። ያን ሁሉ የሳሉት ቀዳዳዎቹ ናቸው። ጀማሪ ሲያያቸው የተዘለሉ ወይም ከመርፌ ያመለጡ የክር ቀለበቶች ይመስሉታል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሆን ተብሎ የተጨመረ ቀለበት ነው። ይቺ ነገር ከገባች ዳንቴል ማስፈራቱ ይቀራል።

ሹራብ ማለት አንዱ በሌላው ውስጥ ያለፈ የክር ቀለበት ነው። በግራ እጃችን በያዝነው መርፌ ላይ ቀለበቶቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የቀኙ መርፌ አንዱ ውስጥ ገብቶ አዲስ ክር ስቦ ይወጣል። አሮጌው ከግራው መርፌ ይወርዳል። አንድ ወረደ፣ አንድ ተተካ። አሁን በሁለት ቀለበቶች መሃል ቆም በሉ። ክሩን ወደ ፊት አምጡና በቀኙ መርፌ ላይ አንዴ አዙሩት። ከዚያ ቀጣዩን እንደ ወትሮው ሥሩ። ያ የዞረ ክር ከሥሩ የሚይዘው ቀለበት የለውም። በሚቀጥለው ረድፍ እንደ ማንኛውም ቀለበት ይሠራል፣ ከሥሩ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳው በቃ እሱ ነው።

60 ቀለበት ይዛችሁ 10 ጊዜ ክር ብታዞሩ ግን 70 ሆነ ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ ጨርቁ እንደ ጃንጥላ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማዞር አንድ ማጣመር ያስፈልገዋል፤ ሁለት ቀለበት ባንድ ላይ ተሠርቶ አንድ ይሆናል። ማጣመሩ ቁጥር ማስተካከያ ብቻ አይደለም። ዘንበል ያለ መስመርም ይተዋል። ሁለቱን እንዳሉ ባንድ ላይ ከሠራችኋቸው መስመሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል። አንድ በአንድ ወደ ቀኙ መርፌ አሻግራችሁ ከኋላ በኩል ባንድ ላይ ከሠራችኋቸው ደግሞ ወደ ግራ። የቅጠሉ ሁለት ጎኖች ጫፉ ላይ የሚገናኙት በእነዚህ ሁለት ዘንበሎች ነው።

ማዞሩና ማጣመሩ የግድ ጎን ለጎን መሆን የለባቸውም። እኔ ዳንቴልን የወደድኩት ይህን ባየሁ ቀን ነው። በስኮትላንድ የሼትላንድ ደሴቶች የሚታወቀውን የማዕበል ንድፍ እንውሰድ። በ18 ቀለበት ይሠራል። መጀመሪያ ሁለት ሁለቱን 3 ጊዜ ታጣምራላችሁ። ቀጥሎ ክር አዙሮ አንድ መሥራት፣ 6 ጊዜ። በመጨረሻ እንደገና 3 ጊዜ ማጣመር። ቁጠሩት፦ 6 ተቀነሰ፣ 6 ተጨመረ፣ 18 ሆኖ ቀረ። ግን ማጣመሩ ዳርና ዳር ተሰብስቧል፣ ቀዳዳው ደግሞ መሃል ላይ። ዳሩ ሲጠብብ መሃሉ ሲሰፋ ረድፉ ራሱ ይታጠፋል። ማዕበሉን ማንም አልሳለውም፣ ቁጥሩ ያመጣው ነው።

ይኸው ንድፍ ሸካራነትም አለው። ከ4 ረድፍ ቀዳዳ የሚሠራበት አንዱ ብቻ ነው። አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ጨርቁ ተገልብጦ እያለ፣ በፊት በኩል እንደሚሠራው ይሠራል። ያኔ በፊት በኩል በጣት የሚዳሰስ ጉብ ያለ መስመር ይወጣል። ሌላው የሸካራነት መንገድ በኤስቶኒያዋ የሃፕሳሉ ከተማ ሻሎች ላይ የሚታየው ኑፕ የሚባለው እብጠት ነው። ከአንድ ቀለበት 5 ወይም 7 ይወጣል፤ በመልሱ ረድፍ ሁሉም ባንድ ላይ ተሠርተው ወደ አንድ ይመለሳሉ። ፍሬ የመሰለች ነገር ትቀራለች። ሲወጡ ላላ ካላደረጋችኋቸው ግን በመልሱ መርፌው አልገባ ብሎ ያስለቅሳችኋል።

የሼትላንድና የሩሲያዋ ኦረንበርግ ሻሎች ቅጥነት ሁሌም ይገርመኛል። አንድ ሰው የሚያለብሰው ሙሉ ሻል በጣት ቀለበት ውስጥ ተስቦ ያልፋል።

ሻል ግን ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ሹራብ ብብት አለው፣ አንገት አለው፣ ትከሻ አለው። ብብት ጋ ስትደርሱ ዳሩ ላይ ቀለበት መቀነስ ትጀምራላችሁ፤ ንድፉም እዚያ ላይ ይቆረጣል። ማጣመሩ ተቆርጦ ማዞሩ ብቻውን ከቀረ እናንተ ትቀንሳላችሁ፣ ቁጥሩ ግን አይቀንስም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጥንድ ያጣውን ማዞር ተዉት፤ ያቺን ቦታ ያለ ቀዳዳ ሥሯት። ዳር ላይ ሁለት ሦስት ቀለበት ያለ ንድፍ ቢቀር ማንም አያስተውለውም። እንዲያውም መገጣጠሚያው ያምራል።

መለኪያውም ላይ ዳንቴል ያታልላል። ከመርፌ ሲወርድ የተጨማደደ ነገር ነው፣ ቀዳዳዎቹም አይታዩም። ሱፍ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይጨመቃል። ከዚያ ተወጥሮ በስፒል እየተያዘ እስኪደርቅ ይቆያል። ሱፍ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ የተወጠረበትን ቅርጽ ይይዛል። ጨርቁ ያኔ ይከፈታል። ስለዚህ ናሙና ሥሩ፣ እጠቡት፣ ወጥሩት፣ ከደረቀ በኋላ ለኩት። ሳይታጠብ በ10 ሳንቲሜትር 20 ቀለበት የነበረው ታጥቦ 18 ሆነ እንበል። 180 ቀለበት ዙሪያው 90 ሳንቲሜትር መስሏችሁ ነበር፣ 100 ሆኖ ይወጣል። ክርም ይመረጣል። ጥጥ እንደ ሱፍ አይለጠጥም፣ ይከብዳል፣ ሹራቡን ወደ ታች ይጎትተዋል። አክሪሊክ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ክር ደግሞ ውሃ ብቻውን አይከፍተውም፤ የእንፋሎት ሙቀት ይፈልጋል፣ ከበዛበት ደግሞ ይሞታል፣ ማለትም ይልፈሰፈሳል።

ስህተቱ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። አንድ ምሽት እያወራሁ ስሠራ ማዕበሉ መሃል አንድ ማዞር ረሳሁ። ረድፉን ጨርሼ ስቆጥር 17። ድሮ ቢሆን ሙሉ ረድፉን እፈታ ነበር። ግን የጠፋው ክር ማዞር ብቻ ነው፤ በሁለቱ ቀለበቶች መሃል የተጋደመችው ቀጭን ክር አሁንም እዚያው አለች። በመርፌ ጫፍ አነሳኋት፣ ቀለበት ሆነች፣ 18 ሞላ። ቀዳዳዋ ከጎረቤቶቿ ትንሽ ጠበብ አለች፤ ከታጠበ በኋላ ግን ፈልጌም አላገኘኋት።

ስህተቱ ከብዙ ረድፍ በኋላ ከተገኘ ይህ አይሠራም። ዳንቴልን ፈቶ ቀለበቶቹን መልሶ መርፌ ላይ መሰካት አሳር ነው፤ የዞረው ክር ከተፈታ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ይጠፋል። ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ። ንድፉ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ሌላ ቀለም ያለው ለስላሳ ቀጭን ክር በወፍራም የስፌት መርፌ ስኩና የሹራብ መርፌያችሁ ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ አሳልፉት። እዚያው ተዉት፣ ሥራችሁን ቀጥሉ። ከላይ ከተበላሸ እስከዚያ ክር ድረስ ያለ ፍርሃት ፍቱ። ቀለበቶቹ ተሰልፈው ይጠብቋችኋል።