«ኮከባቸው አልገጠመም»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና ሒሳቡ

ድሬዳዋ ከዚራም ይሁን ሐረር ጀጎል፣ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ነገሩ ብዙ ጊዜ በዚህ አባባል ይዘጋል፦ «ምን ይደረግ፣ ኮከባቸው አልገጠመም።» ትርጉሙ «ጠባያቸው አልተስማማም» ነው። ብልሃቱ ግን ጥፋቱን ከሁለቱም ትከሻ አንሥቶ ወደ ሰማይ መስደዱ ላይ ነው፤ በዳይም ተበዳይም የለም። ከባልና ከሚስት አልፎ ለአለቃና ለሠራተኛ፣ ለአከራይና ለተከራይ የተረፈውም ለዚህ ይመስለናል። በደጉ ሲነገር ደግሞ በአንድ በርጫ የተግባቡ የድሬ ልጆች «አቦ፣ ኮከባችን ገጥሟል» ይባባላሉ።

እዚህ ላይ «ኮከብ» የተባለው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የልደት ቀን ይመስለዋል፤ አይደለም። ሌሊት ቀና ብለን የምናየው ኮከብም አይደለም። አባባሉ የወጣው ከሐሳበ ከዋክብት፣ በተለይም ዐውደ ነገሥት ከሚባለው መጽሐፍ አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ደግሞ የሰው ኮከብ ማለት ከማካፈል የሚተርፍ ቀሪ ቁጥር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይጻፋል። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ በአበገደ ተራ አ 1፣ በ 2፣ ገ 3፣ ደ 4፣ ሀ 5፣ ወ 6፣ ዘ 7፣ ሐ 8፣ ጠ 9፣ የ 10 ሲሆን ከዚያ በዐሥር በዐሥር ከ 20፣ ለ 30፣ መ 40፣ ነ 50 እያለ ፈ 80 ይደርሳል፣ ከቀ 100 በኋላም በመቶ በመቶ ያድጋል። ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ማለትም 12 እየተነሣ ከ12 በታች እስኪቀር ይጣላል። የቀረው የኮከቡ ተራ ነው፦ 1 ሐመል፣ 2 ሠውር፣ 3 ገውዝ፣ 4 ሸርጣን፣ 5 አሰድ፣ 6 ሰንቡላ፣ 7 ሚዛን፣ 8 አቅራብ፣ 9 ቀውስ፣ 10 ጀዲ፣ 11 ደለዊ። ምንም ካልተረፈ 12ኛው ሑት ይያዛል።

ከዚያ ባሕርይ ይመጣል። ኮከቦቹ ከሐመል ጀምሮ በተራ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ፣ ውሃ እየተባሉ ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። 12 ለ4 ስለሚካፈል ባሕርዩን ብቻ የፈለገ ሰው ድምሩን በቀጥታ በ4 ቢገድፈው ያንኑ ያገኛል። በተለመደው አነጋገር አንድ ዓይነት ባሕርይ ከራሱ፣ እሳት ከነፋስ፣ መሬት ከውሃ ይገጥማል፤ የቀሩት ጥምረቶች ግን፣ ለምሳሌ እሳትና ውሃ፣ አይስማሙም። ባሕርያቱን ሁለት ሁለት ብናጣምር ከ16ቱ ጥምረት 8ቱ ይገጥማሉ ማለት ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን ብዙም አይርቅም።

ሒሳቡ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአጻጻፍ ነው። ለናሙና የፊደሉን ቤት (ካዕብ፣ ሣልስ የሚባለውን) ትተን ቆሙን (የመጀመሪያውን የግዕዝ ፊደል) ብቻ እንቁጠር። ሐሊማ፣ ሐ 8፣ ለ 30፣ መ 40፣ 78 ነው። እናቷ ዘይነብ፣ ዘ 7፣ የ 10፣ ነ 50፣ በ 2፣ 69 ነው። ድምሩ 147፤ 144 ሲጣል 3 ይቀራል፤ ገውዝ፣ ነፋስ። አሕመድ 53፣ እናቱ ፋጡማ 129፣ ድምሩ 182፤ 180 ሲጣል 2 ይቀራል፤ ሠውር፣ መሬት። ነፋስና መሬት ስለማይሄዱ ኮከባቸው አልገጠመም።

አሁን ጸሐፊው ሐመሩ ሐን ትቶ ስሟን በሃሌታው ሀ «ሀሊማ» ብሎ ይጻፈው። ሀ 5 ስለሆነ ድምሩ 144 ይሆናል፤ የሚተርፍ የለም፤ ሑት፣ ውሃ። ውሃና መሬት ይስማማሉ፤ ገጠመ! ስሟን ሳይነካ የሱን «አህመድ» ቢለውም 179 ሆኖ 11 ይቀራል፤ ደለዊ፣ ነፋስ፤ ነፋስ ከነፋስ፣ እንደገና ገጠመ። ሁለቱንም በሃሌታው ሀ ከጻፈ ደግሞ ውሃና ነፋስ ሆነው ይለያያሉ። ዛሬ በአማርኛ ሀና ሐ በድምፅ ስለማይለዩ መታወቂያ ላይ የሚገባው ጸሐፊው የለመደው ነው። ሁለቱ ስሞች በአረብኛ የሚጻፉት በሐ ነውና ትክክለኛው የመጀመሪያው ቆጠራ ነው፤ እሱ ደግሞ አይገጥምም።

ሐረር ላይ ይህ ነገር ሁለት ጊዜ ይሰማል። ቁርኣን የቀራ ሰው በአረብኛው አብጀድም አሊፍ 1፣ ባ 2፣ ሐ 8፣ ያ 10 መሆኑን ያውቃል፤ አሕመድ በዚያም 53፣ ዘይነብም 69 ነው። ሐሊማ ላይ ግን አረብኛው ያ የሚባለውን ፊደልና የመጨረሻዋን ታ ስለሚጽፍ ይለያያል። የኮከቦቹ ስም ራሱ አረብኛ ነው፦ ሐመል ጠቦት፣ ሠውር በሬ፣ ሰንቡላ እሸት፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ቀውስ ደጋን፣ ደለዊ የውሃ መቅጃ፣ ሑት ዓሣ። ቁርኣን ውስጥ አን ነጅም፣ አል ቀመር፣ አል ቡሩጅ፣ አሽ ሸምስ የተባሉ ምዕራፎች አሉ፤ ቡርጅ ማለት የኮከብ ማደሪያ ነው። የኮከቦቹ ስሞች ወደ ግዕዝ የገቡት በአረብኛ በሚጽፉ የግብፅ ክርስቲያኖች መጻሕፍት በኩል ነው፤ ከእነዚህ የታወቀው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአቡሻክር የዘመን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የመጽሐፈ ሄኖክ ሰማይ ሐመልና ሠውር የለውም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት በምዕራብ ስድስት በሮች ትገባለች ትወጣለች እንጂ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በቆጠራ ዕጣ ማውጣትን አይወዱትም፤ አባባሉ ግን ለሁለቱም ምእመናን አፍ ተመችቷል።

የሰማዩ ሐመልና የሒሳቡ ሐመል አንድ ስም ይዘዋል እንጂ አይተዋወቁም። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ሰማዩን በ88 የኮከብ ክልሎች ከፍለውታል፤ ድንበራቸው በ1930 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል። ፀሐይ የምታልፈው በ12 ሳይሆን በ13 ክልል ነው፤ 13ኛው እባብ ያዡ ነው። እኩል ድርሻም የላቸውም፤ በሰንቡላ 45 ቀን ያህል ስትቆይ በአቅራብ አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ታልፋለች። በስልክ የሚነበበው የልደት ኮከብም ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፦ የምድር ዘንግ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ስለሚንገዋለል፣ ይኸውም በ72 ዓመት 1 ዲግሪ ያህል ነው፣ የጥንቱ የቀን ድልድል ከዛሬው ሰማይ ተለያይቷል፤ ሚያዝያ 1 የተወለደውን ስልኩ «ሐመል» ሲለው ፀሐይ ግን ገና ሑት ውስጥ ናት።

እውነተኞቹን ማየት ለፈለገ ሐረር ጥሩ ቦታ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.3 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የፀሐይ መንገድ የትኛውም ክፍል በሰማዩ መሐል ሲያልፍ ከአድማስ ቢያንስ 57 ዲግሪ ይነሣል፤ 12ቱም ከፍ ብለው ይታያሉ። የአቅራብ ልብ የሆነው ቀይ ኮከብ ግንቦት 22 ገደማ፣ የሠውር ዓይን ደግሞ ኅዳር 22 ገደማ እኩለ ሌሊት ላይ ከሁሉ ከፍ ይላሉ። ኅዳር ይሻላል፤ ደመና የለም። ድሬዳዋ ላይ የመንገድ መብራቱ ስለሚያስቸግር ከከተማ ወጣ ማለት ነው፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ስልክ አለማየት።

በሰማይ «ገጠሙ» የሚባሉት በአብዛኛው ፈለኮች ናቸው፤ ኮከቦቹማ እርስ በርሳቸው በዓይን የሚታይ ፈቀቅ አይሉም። መሽተሪና ዙሐል ማለትም ጁፒተርና ሳተርን በ20 ዓመት ገደማ አንዴ ይገናኛሉ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ በኩል የጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ተራርቀው ታዩ፤ በመካከላቸው ግን ከ700 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ተጠጉ የተባለው በአንድ አቅጣጫ ስለተሰለፉልን ነው። ቀጣዩ ጥቅምት 2033 ዓ.ም ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ፣ ሰንቡላ ውስጥ ነው፤ ያኔ ርቀታቸው 1 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን በእጅ መነጽርም አብረው ይገባሉ።