«ሂትለር» የሚለው የቤተሰብ ስም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቪየና ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቼክ ድንበር ሲጠጉ ቫልድፊርትል የሚባል ደጋ አገር አለ። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሬቱ ድንጋያማ፣ ገበሬው ደግሞ በዚያ ዘመን ድሃ ነበር። እዚያ ደለርስሃይም በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ በጁን 1837 የአንድ ሕፃን ጥምቀት ተመዘገበ። የሕፃኑ ስም አሎይስ። እናቱ ማሪያ አና ሺክልግሩበር፣ ያላገባች፣ ዕድሜዋ አርባን ያለፈ። የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ቀረ።

ያ ሕፃን አድጎ የአዶልፍ ሂትለር አባት ሆነ፤ ስለ ስሙ እስከ ዛሬ የሚናፈሰው ወሬም አብዛኛው የሚነሣው ከዚያ ባዶ ቦታ ነው። ሰውየው ስለ ፈጸመው ነገር የሚያከራክር የለም፤ ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያን ያለቁበት ጭፍጨፋ የእርሱ ሥራ ነው። ስለ ስሙ የሚነገረው ግን ከእውነቱ ይልቅ ተረቱ ይበዛል። ይህ ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ ሰውን በስሙና በአያቱ ደም መመዘን የናዚዎች ዋና ትምህርት ስለ ነበር፣ እኛም ሳናውቀው ያንኑ ሚዛን አንሥተን እንዳንገኝ እሰጋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመለካከት፦ «ሂትለር የአዶልፍ አባት መጠሪያ ስም ነው»

ይህ ስሕተት በእኛ ዘንድ መኖሩ አያስገርምም። እኛ ከስማችን ቀጥለን የምንጠራው የአባታችንን ስም ነው፤ ልጃችን ደግሞ የእኛን ይዞ ይቀጥላል። በእኛ ሥርዓት ቢሆን ሰውየው «አዶልፍ አሎይስ» ይባል ነበር። በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ግን የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ጀርመን አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አባት፣ እናትና ልጅ በሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ቅጽ ሲሞሉ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግራ ይጋባል።

የጀርመን የቤተሰብ ስሞች አብዛኞቹ በመካከለኛው ዘመን ከሥራ፣ ከመኖሪያ ቦታ ወይም ከመልክ የተወሰዱ ናቸው። ሽሚት አንጥረኛ፣ ሙለር ባለ ወፍጮ፣ ባወር ገበሬ ማለት ነው። ሂትለርም ከዚሁ የገበሬ ስም ጎራ ነው።

አመለካከት፦ «እውነተኛ ስሙ ሺክልግሩበር ነበር፤ ደብቆት ነው»

በጦርነቱ ጊዜ ጠላቶቹ ሊያላግጡበት ይህንን ስም ደጋግመው ይጠሩት ነበር። ሺክልግሩበር የሚለው ስም ለአፍ የማይመች፣ ገጠሬ የሚመስል ስለሆነ ፌዙ በቀላሉ ተያዘ። አዶልፍ ግን አንድም ቀን ሺክልግሩበር ተብሎ አያውቅም። በ1889 ብራውናው በምትባል የድንበር ከተማ ሲወለድ አባቱ ስሙን ከለወጠ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

አለዋወጡን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። አሎይስ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1842፣ እናቱ ዮሐን ጌኦርግ ሂድለር የሚባል ከቦታ ቦታ የሚዞር የወፍጮ ሠራተኛ አገባች። ባልየው ልጁን በሕግ የራሱ አላደረገውም። እናቲቱ በ1847 ሞተች፤ ባልየውም በ1857 ተከተላት። ልጁን ሽፒታል በምትባል መንደር ያሳደገው የእንጀራ አባቱ ወንድም፣ ዮሐን ኔፖሙክ ሁትለር ነው። ወንድማማቾች ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ሂድለር፣ ሌላው ሁትለር ተብለው ተጽፈዋል። የዚያን ጊዜ ካህን ወይም ጸሐፊ የሰማውን ድምፅ በመሰለው ፊደል ይጽፍ ነበርና ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። እኛስ አንዱን ሰው ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ እያልን እንጽፈው የለም? በዚያ ላይ በኦስትሪያና በባቫሪያ የገጠር አነጋገር «ሁ» መሰሉ የጀርመንኛ አናባቢ ወደ «ሂ» ያደላል፤ ሁትለር የተባለው ሰው በጎረቤቱ አፍ ሂትለር ቢሆን አይደንቅም።

አሎይስ አድጎ የጉምሩክ ሹም ሆነ፤ ከእርሱ ዘር ማንም ያልደረሰበት ማዕረግ ነበር። በጁን 1876፣ በ39 ዓመቱ፣ ሦስት ምስክሮች ቫይትራ ከተማ ውል አዋዋይ ፊት ቀርበው አባቱ የሞተው ዮሐን ጌኦርግ መሆኑን መሰከሩለት። ከዚያ የደለርስሃይሙ ካህን የድሮውን መዝገብ ገለጠ። ሺክልግሩበር የሚለውን ሰረዘ፤ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን «በጋብቻ» አደረገው፤ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ባዶ በነበረው ቦታ «ጌኦርግ ሂትለር» ብሎ ጻፈ። ምስክሮቹ በስማቸው አንጻር መስቀል ምልክት አደረጉ። አባት የተባለው ሰው ሂድለር፣ ወንድሙ ሁትለር፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን ሂትለር። ዓለም በኋላ በፍርሃት የሰማው ስም የአንድ ገጠር ካህን የብዕር አጻጻፍ ነው።

አዶልፍ ራሱ በዚህ ለውጥ ደስተኛ እንደ ነበር የወጣትነት ጓደኛው መስክሯል፤ አባቱ ካደረገለት ሁሉ ያን ያህል ያስደሰተው ነገር እንደሌለ ተናግሮ ነበር ይባላል።

ለውጡ ያመጣው ሌላ ጣጣም አለ፤ እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር አንባቢ ይህ ሳይነገር አይታለፍም። አሎይስ ሦስተኛ ሚስቱን ክላራን ሊያገባ ሲነሣ፣ ክላራ የዚያው የዮሐን ኔፖሙክ የልጅ ልጅ ናት። በአዲሱ ወረቀት መሠረት አሎይስ ከክላራ እናት ጋር የወንድማማች ልጆች ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻውን ያለ ልዩ ፈቃድ አልፈቀደችም፤ የሊንዙ ጳጳስ ጉዳዩን ወደ ሮም አስተላለፈ፤ ፈቃዱ መጥቶ በጃንዋሪ 1885 ተጋቡ። አዶልፍ የዚህ ጋብቻ ልጅ ነው።

አመለካከት፦ «ሂትለር ማለት ተኩላ ማለት ነው»

ተኩላው ያለው በመጠሪያ ስሙ ውስጥ ነው። አዶልፍ የሚለው ከጥንታዊ ጀርመንኛ «ክቡር» እና «ተኩላ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ ሰውየውም ይህን ይወደው ስለነበር ቮልፍ፣ ማለትም ተኩላ፣ በሚል ቅጽል ስም ይጠቀም ነበር። የቤተሰብ ስሙ ግን ሰላማዊ ነው። ይበልጥ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ከ«ሁተ»፣ ማለትም ከጎጆ፣ ያመጣዋል፤ ሁትለር ሰፊ መሬት የሌለው ባለ ጎጆ ገበሬ ይሆናል። ሌላው ማብራሪያ በአካባቢው አነጋገር ከመሬት ውስጥ ከሚፈልቅ ምንጭ ጋር ያያይዘዋል። በሁለቱም ቢሆን ስሙ የሚነግረን ሰው የት ይኖር እንደ ነበር ብቻ ነው።

አመለካከት፦ «አያቱ አይሁዳዊ ነበር፤ ስሙም የአይሁድ ነው»

ይህኛው ወሬ ከሁሉም የከፋ ነው። የነገሩ መነሻ የሂትለር ጠበቃና በተያዘችው ፖላንድ ገዥ የነበረው ሃንስ ፍራንክ ነው። በኑረንበርግ የጦር ወንጀል ችሎት ተፈርዶበት በ1946 ከመሰቀሉ በፊት በእስር ቤት በጻፈው ማስታወሻ፣ ማሪያ አና ግራትስ ከተማ ፍራንከንበርገር በሚባል አይሁዳዊ ቤት ወጥ ቤት ሆና ስትሠራ እንዳረገዘች አተተ። የታሪክ ምሁራን ፍለጋቸውን ቀጠሉ። ማሪያ አና ግራትስ ስለ መኖሯ ማስረጃ አልተገኘም፤ በዚያ ጊዜ እዚያ ፍራንከንበርገር የሚባል የአይሁድ ቤተሰብ አልተገኘም፤ አይሁዳውያን ከዚያ ክፍለ ሀገር በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ተባርረው በ1830ዎቹም እንደ ልብ መስፈር አልተፈቀደላቸውም ነበር። ብዙዎቹ ምሁራን የአሎይስን አባት የሚፈልጉት ከሁለቱ ወንድማማቾች ከአንዱ ዘንድ ነው።

ወሬው ለምን እንደሚጣፍጥ ይገባኛል፤ ሰው «ራሱን ይጠላ ነበር» የሚል ቀላል መልስ ይፈልጋል። ነገር ግን አስቡት፤ ውስጡ የተቀመጠው ክፋቱን ከገዳዩ አንሥቶ በተገዳዮቹ ደም ላይ የሚጥል ሐሳብ ነው። ይህን እያወቁ መድገም ነውር ነው።

ስሙ በአይሁዳውያን ዘንድም መገኘቱ እውነት ነው። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ በሆነው ይዲሽ «ሂትል» ቆብ ነው፤ ቆብ ሠሪው ቤተሰብ ከዚያ ስም ሊያወጣ ይችላል። ይህ ግን የቃላት መገጣጠም እንጂ ዝምድና አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በናዚ ጀርመን የመንግሥት ሠራተኛ የአያቶቹን የጥምቀት ወረቀት ማቅረብ ግዴታው ነበር፤ የኤስኤስ፣ ማለትም የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ፣ መኮንን ለመሆን ደግሞ የዘር ሐረግ እስከ 1750 ድረስ መቁጠር ይጠበቅ ነበር። ይህን ሁሉ ያዘዘው መሪ የአባቱን አባት በእርግጠኝነት ማሳየት አይችልም ነበር።

አመለካከት፦ «ምስጢሩን ለመቅበር የአባቱን መንደር አስደመሰሰ»

ደለርስሃይም ዛሬ ፍርስራሽ መሆኗ ልክ ነው። ኦስትሪያ በ1938 ወደ ጀርመን ከተጠቃለለች በኋላ ሠራዊቱ ሰፊ የልምምድ ሜዳ ፈለገ፤ ከአርባ በላይ መንደሮች፣ ሰባት ሺህ ገደማ ሰው ተነሣ። አንዲት መንደር ለመደበቅ አርባ አይነሣም። ደግሞም የጥምቀት መዝገቡ አልተቃጠለም፤ ስርዙና ድልዙ እንዳለ ተርፎ ዛሬም ይታያል። ከጦርነቱ በኋላ የሶቪየት ጦር እስከ 1955 ሜዳውን ያዘው፤ አሁን የኦስትሪያ ጦር ይለማመድበታል። የቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽና መቃብር ስፍራው ግን ለጎብኚ ክፍት ናቸው።

አመለካከት፦ «ስሙ በፊት የተለመደ ነበር፤ ከ1945 በኋላ በሕግ ተከለከለ»

ሁለቱም ስሕተት ነው። «ሂትለር» የሚለው አጻጻፍ ቀድሞም ብርቅ ነበር፤ የአንድ ድሃ አካባቢ ስም፣ ያውም ከብዙ አጻጻፎች አንዱ። ሂድለርና ሁትለር የሚሉት ተቀራራቢ ስሞች ዛሬም በኦስትሪያና በጀርመን አሉ። የቤተሰብ ስሙን የሚከለክል ሕግም አልወጣም፤ ጎሪንግና ሂምለር የሚባሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ስሙን ያጠፋው የተሸካሚዎቹ የራሳቸው ውሳኔ ነው። በትምህርት ቤት ስም ሲጠራ፣ በሐኪም ቤት ተራ ሲደርስ፣ ለሥራ ሲያመለክቱ በዚያ ስም መነሣት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅትም።

በጀርመን ስም ለማስለወጥ በቂ ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል፤ አስነዋሪ ወይም ለፌዝ የሚዳርግ ስም በቂ ምክንያት ነው። እስከ ዛሬ የሚሠራበት ይህ ሕግ መጀመሪያ የወጣው በጃንዋሪ 1938 በራሳቸው በናዚዎች ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት በወጣው ደንብ አይሁዳውያን ወንዶች «እስራኤል»፣ ሴቶች «ሣራ» የሚል ስም በግድ እንዲጨምሩ ታዘዙ። ጸረ አይሁድ የሆነው ክፍል ከጦርነቱ በኋላ ተሰርዞ፣ በቀረው ሕግ ደግሞ ሂትለር የተባሉት ከስማቸው መገላገል ቻሉ።

የቅርብ ቤተሰቡም እንዲሁ በየፊናው ተበተነ። አዶልፍ ወራሽ የሚሆን የታወቀ ልጅ አልነበረውም። ታላቅ ወንድሙ አሎይስ፣ በአባት ብቻ የሚገናኙት፣ በርሊን ምግብ ቤት ነበረው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሂለር ተባለና በ1956 ሞተ። የዚህ ወንድም አንድ ልጅ በሶቪየት ምርኮ በ1942 ሞተ፤ በ1911 ሊቨርፑል የተወለደው ሌላው ልጁ ዊልያም ፓትሪክ ግን አሜሪካ ሄዶ በአጎቱ ላይ በየአዳራሹ ተናገረ፤ በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ዘምቶ፣ በኋላ ስሙን ለወጠ። ልጆቹ ዘሩን ለማጥፋት ላለመውለድ ተማምለዋል የሚባለውንም ከመካከላቸው አንዱ ሐሰት ነው ብሏል። የአዶልፍ እህት ፓውላ ወንድሟ ሥልጣን ላይ ሳለ በራሱ ጥያቄ ቮልፍ ተብላ ኖራ፣ በ1960 ሞተች፤ የመቃብሯ ምልክት ላይ ግን የተጻፈው ፓውላ ሂትለር ነበር።

አመለካከት፦ «ሂትለር የተባለ ሁሉ የእርሱ ዘመድ ነው»

በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ሰርክልቪል ከተማ አጠገብ፣ ከጀርመን ፈላሾች ዘር የሆነ የሂትለር ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዘመን መሬት አርሶ ከብሮ ኖሯል። አንዱ ጆርጅ ዋሽንግተን ሂትለር ይባል ነበር፤ ልጁ የከተማው የጥርስ ሐኪም ሆነ። ከኦስትሪያው ሰው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ያ ሰው ዓለምን ሲያስጨንቅ እነርሱ በስማቸው የተሰየመ መንገድ፣ መናፈሻና መቃብር ስፍራ ነበራቸው። የአካባቢው ሰው ስያሜውን አልነቀለም፤ በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳው መካከል «የሂትለር መንገድ» የሚል ታፔላ ዛሬም ቆሟል።