በድንገተኛ የፊት ሽባነት የሚዛን ነርቭ መነካት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ አንደኛው ዐይኑ አልከደን ብሎት ሳሙና ይገባበታል፤ ሲጉመጠመጥ ውሃው በአፉ ጥግ ያመልጠዋል፤ መስታወት ሲያይ ግማሽ ፊቱ ወርዷል። ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ እንዲህ የሚከሰተው የፊት ሽባነት በስኮትላንዳዊው ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም «ቤልስ ፓልሲ» ይባላል። ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ግን ከፊታቸው መጣመም በተጨማሪ ዙሪያቸው እንደሚሽከረከርና ሲራመዱ ወደ አንድ ጎን እንደሚያንገዳግዳቸው ይናገራሉ። የሚዛን ነርቭ መነካት የሚባለው ይኸው ነው፤ ሕመሙ በፊት ነርቭ ላይ ሳይወሰን አጠገቡ ያለውን ነርቭም ያውካል።

ሁለቱ ነርቮች የቅርብ ጎረቤቶች ናቸው። የፊት ነርቭ ሰባተኛው፣ የመስማትና የሚዛን ነርቭ ደግሞ ስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሲሆን፣ ከአንጎል ግንድ ጎን ለጎን ወጥተው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የውስጥ ጆሮ ቦይ አብረው ያልፋሉ። በቦዩ መጨረሻ የፊትን ነርቭ ከላይኛው የሚዛን ነርቭ የሚለያቸው ስስ የአጥንት ግድግዳ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የፊት ነርቭ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር በማይሞላ የአጥንት መተላለፊያ ውስጥ ስለሚገባ፣ ትንሽ ሲያብጥ እንኳ ይታነቃል።

ጉርብትናው ጎልቶ የሚታየው አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ በፊት ነርቭ ላይ ሲቀሰቀስ ነው። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጄምስ ራምሴ ሀንት በ1907 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ ሕመም በጆሮ ላይ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎችንና ብርቱ ሕመምን ያስከትላል፤ ማዞር፣ የጆሮ ጩኸትና የመስማት መቀነስም አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ፊቱ ሙሉ በሙሉ የመዳን ዕድሉም ከቤልስ ፓልሲ ያነሰ ነው።

«ማዞር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚሸከም ሐኪሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ መለየት አለበት። የማይከደን ዐይን ደርቆ እይታው ሲደበዝዝም ታማሚው «ያዞረኛል» ሊል ይችላል። በአንጻሩ የሚዛን ነርቡ ተጎድቶም ምንም የማይሰማው ሰው አለ፤ አንጎል ከደኅነኛው ጆሮና ከዐይን በሚያገኘው መረጃ ጉድለቱን ቀስ በቀስ ያካክሳልና። ስለዚህ ምርመራ ያስፈልጋል። ታማሚው የሐኪሙን አፍንጫ ትኩር ብሎ እያየ ሐኪሙ የታማሚውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ በድንገት በትንሹ ወደ ጎን ያዞረዋል። ነርቡ ደኅና ከሆነ ዐይኑ ከአፍንጫው ላይ አይነቀልም፤ ከተጎዳ ግን ከራሱ ጋር ይሄድና ዘግይቶ ዘልሎ ይመለሳል። በጆሮ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ እያስገቡ የዐይንን እንቅስቃሴ መለካትም የቆየ ዘዴ ነው።

ግንባርን ማንቀሳቀስ አለመቻል ሕመሙ ከፊት ነርቭ እንጂ ከስትሮክ አለመሆኑን ያሳያል የሚባለው ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ማዞር ሲጨመርበት ግን በዚህ ብቻ መተማመን አደገኛ ይመስለኛል። በአንጎል ግንድ አካባቢ የሚከሰት ስትሮክ ግንባርን ጨምሮ ግማሽ ፊትን፣ ሚዛንንና መስማትን በአንድ ጊዜ ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ፊቱ ወርዶ በብርቱ የሚያዞረው፣ መቆም የሚያቅተው ወይም ንግግሩ የሚተሳሰር ሰው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። ቤልስ ፓልሲ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለው እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ለአልማዝ ባለጭራ ፀረ ቫይረስ ይጨመራል። ሚዛኑ የተዛባበት ሰው የራስና የዐይን እንቅስቃሴ ልምምድ ይሰጠዋል፤ ማዞሩ ለቀቀኝ ካለ በኋላም ዐይኑ በማይረዳው ጨለማ ውስጥ ሲራመድ እንደገና ሊንገዳገድ ይችላል።