ቢጫ ካርድ ምንድን ነው? ኪሊማንጃሮን በቁጠባ ለመውጣት ለምታስቡ

ቲኬቱ ተቆርጧል። ጫማው ተገዝቷል። ቪዛውም ወጥቷል። ድንበር ላይ ግን የጤና ሠራተኛዋ አንዲት ቢጫ ወረቀት ትጠይቃለች። ለኪሊማንጃሮ ብሎ ወራት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው በዚህች ወረቀት ሰበብ ሲጉላላ ማየት ያሳዝናል። ደግሞ ቀድሞ ላወቀ ሰው በጣም ቀላል ነገር ነው።

ቢጫ ካርድ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዳችሁን የሚያሳይ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ነው። ስሙን ያገኘው ከወረቀቱ ቀለም ነው። ከቪዛ ጋር አይገናኝም። ቪዛ ኖሯችሁ ካርዱ ሊጎድላችሁ ይችላል።

ቢጫ ወባ ስሙ ከወባ ጋር ቢያመሳስለውም ሌላ በሽታ ነው። ቫይረስ ነው፣ በትንኝ ይተላለፋል፣ የወባ መድኃኒት አይነካውም። ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሳው ወረርሽኝ ወደ 100,000 ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በ2018 እ.ኤ.አ. ወላይታ ላይ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጉራጌ ዞን ውስጥ እንደገና ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ያስቀመጣት ለዚህ ነው። ኬንያም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለች።

ታንዛኒያ ካርዱን የምትጠይቀው የመጣችሁበትን መንገድ አይታ ነው። ሥጋት ካለበት አገር የመጣ፣ ዕድሜው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ማሳየት አለበት። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ኪሊማንጃሮ አየር ማረፊያ ብታርፉም ያው ነው። «እኔ የምኖረው ደጋ ነው፣ ትንኝ የለም» ማለት አያዋጣም። ደንቡ የሚያየው አገሩን እንጂ ከተማውን አይደለም።

ወጪ ለመቀነስ የሚመረጡት መንገዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በእነዚህ አገሮች በኩል ያልፋሉ። ብዙ ሰው እስከ ናይሮቢ በርካሽ ይሄድና ከዚያ በአውቶቡስ በናማንጋ ድንበር አድርጎ የታንዛኒያዋ አሩሻ ከተማ ይገባል። ጥሩ መንገድ ነው፣ እኔም እመክረዋለሁ። ግን ከኬንያ ነው የምትገቡት፣ ስለዚህ ካርዱ ግድ ነው። ከዋሽንግተን የሚነሳ ዘመዳችሁንም አስቡት። አሜሪካ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ሥጋት ያለበት አገር ሳይረግጥ ቢሄድ ኖሮ ማንም ባልጠየቀው። ርካሽ ቲኬት ፈልጎ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን እሱም ካርድ ያስፈልገዋል። ቤተሰብ ጠይቆ፣ ሳምንት አርፎ የሚቀጥልማ ካርዱ እንደሚያስፈልገው ምንም ጥያቄ የለውም።

ቀኑን በደንብ ቁጠሩ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ለመብረር ሦስት ቀን ሲቀር መከተብ ለድንበሩ እንዳልተከተቡ ያህል ነው። የጸና ካርድ የሌለውን ሰው አገሩ ሊመልሰው ወይም ለጥቂት ቀናት ለይቶ ሊያቆየው ይችላል። የተራራው ጉዞ ቀን ተቆርጦ፣ ለፓርኩና ለመሪው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ቀደም ብሎ ለመከተብ ሌላም ምክንያት አለኝ። አንዳንድ ሰው ከክትባቱ በኋላ ለቀናት ቀለል ያለ ትኩሳትና ቁርጥማት ይሰማዋል። 5,895 ሜትር ለመውጣት የሚነሳ ሰው ይህን ቤቱ ሆኖ ቢጨርሰው ይሻለዋል። እኔ ብሆን ከወር በፊት እከተባለሁ።

አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ነው። ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር፣ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። «10 ዓመት» የሚል የቆየ ካርድ ያላችሁም አትጣሉት፣ ይሠራል።

ካርዱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስማችሁ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን፣ የአያት ስም ሳይቀር። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፍ፤ በእኛ ከተጻፈ ድንበር ላይ ያለው ሰው ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተከተባችሁ ይመስለዋል። የክትባቱ መለያ ቁጥር፣ የባለሙያው ፊርማና የማዕከሉ ማኅተም መኖራቸውን እዩ። በራሳችሁ ቦታም ፈርሙ። ያልተሟላ ካርድ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ሳይከተቡ ካርድ «የሚያወጡ» ሰዎች ካጋጠሟችሁ እባካችሁ አትግዙ። በሽታው ገዳይ ነው፣ ወረቀት ከትንኝ አያድንም።

ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለሁሉም አይሰጥም። ነፍሰ ጡር፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ፣ ለእንቁላል ጠንካራ አለርጂ ያለበት፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው ቀድሞ ሐኪም ያማክር። ሐኪሙ አይሆንም ካለ የተፈረመና ማኅተም ያለው የሕክምና ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ድንበር ላይ የሚታየው እሱ ነው።

ካርዱን ፓስፖርቱ ውስጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙ እንጂ ተሸካሚው በሚይዘው ሻንጣ አትክተቱት። በኬንያ በኩል ከተመለሳችሁ አዲስ አበባ ስትገቡም ሊጠየቅ ይችላል።