ስለ ቤት ውስጥ አየር ሴንሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቤት ውስጥ አየር እየለኩ ውጤቱን በዋይፋይ ወደ ስልክ የሚልኩ ትንንሽ ሴንሰሮች ብዙ ቤት እየገቡ ነው። ደስ ይላል። ግን ስለ እነሱ ከሚወራው ውስጥ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት አለ። ከእሱ ልጀምር።

«ሴንሰር ስላለኝ የከሰል ጭስ አያሰጋኝም»

በፍጹም! አብዛኞቹ የሚለኩት ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ብናኝን፣ ሙቀትንና እርጥበትን ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ ጋዝ ነው፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሰውየው ራሱን ሲያመው ጋደም ይላል፣ በዚያው ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ጋዝ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የሚጮህ፣ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እባካችሁ ካርቶኑን አንብቡ፤ «ካርቦን ሞኖክሳይድ» የሚል ከሌለው አይለካውም። ማስጠንቀቂያው ቢኖርም ከሰል ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል አይገባም።

«ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 1000 ካለፈ ቤቱ ተመርዟል»

የውጭው አየር ራሱ 420 ፒፒኤም ገደማ (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው) ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። 1000 ማለፉ የተነፈስነው አየር በደንብ እየወጣ አይደለም ማለት ነው እንጂ መርዝ አይደለም። በብዙ አገሮች ለሥራ ቦታ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በ8 ሰዓት አማካይ 5000 ነው። እኔ መኝታ ቤቴን ዘግቼ ሳድር ግራፉ ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ያድራል፤ ሊነጋ ሲል 2000ን ያልፋል። መስኮት ስከፍት ቁልቁል ይወርዳል። በሩን ገርበብ አድርጎ መተኛት ብቻውን ለውጥ አለው።

«ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅ ካለ አየሩ ንጹሕ ነው»

መስኮቱ ወደ አቧራማ መንገድ ከተከፈተስ? ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ የ24 ሰዓቱ አማካይ በሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል።

«ማሽን አይሳሳትም»

ይሳሳታል። የብናኝ ሴንሰር በብርሃን ጨረር ስለሚሠራ የሻወር እንፋሎትን ብናኝ ብሎ ይቆጥራል። ብዙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰሮች ደግሞ ከሰሞኑ ዝቅተኛውን ልኬት «ይህ የውጭ አየር ነው» ብለው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ክፍሉ ጨርሶ የማይናፈስ ከሆነ የታፈነውን አየር ንጹሕ እያሉ ይነግሯችኋል። ለዚህ ነው አልፎ አልፎ በደንብ ማናፈስ፣ ወይም ሴንሰሩን ውጭ ማቆየት የሚጠቅመው።

«የትም ቢቀመጥ ያው ነው»

አይደለም። ከመስኮት፣ ከምድጃና ከፊታችን ራቅ ብሎ፣ ቁጭ ስንል አፍንጫችን በሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።

«የአየር መረጃዬ ለማን ይጠቅማል?»

ሰው ሲገባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ይላል፣ ሲሄድ ይወርዳል። ግራፉን ያየ ሰው ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ ያውቃል። ስለዚህ ከሴንሰሩ ጋር አብሮ የመጣውን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ቀይሩት።