መንግሥት በኢንተርኔት ሕዝብን ሥራ ሲያጋራ፦ ስለ ወጪውና ስለ ጥቅሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መሥሪያ ቤቶች ችግር ሲገጥማቸው ባለሙያ ከመቅጠርና ጨረታ ከማውጣት ሌላ፣ ጥያቄውን በኢንተርኔት ለፈለገ ሁሉ ከፍተው መልስ መሰብሰብ ከጀመሩ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ክራውድሶርሲንግ የሚባለው ይኸው ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ለተሻለ መፍትሔ የገንዘብ ሽልማት ያወጣል፣ ሌላው «ወጪ የት ላይ እንቀንስ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው ደግሞ የተዝረከረከ መዝገብ በበጎ ፈቃደኞች ያስተካክላል። ሥራዎቹ የተለያዩ ናቸው፣ ገንዘቡም የሚወጣው በተለያየ ቦታ ነው። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ግን የአንዱ ስኬት ለሌላው ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ እናያለን። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሕዝቡ በነጻ ስለሚሠራ ወጪ የለውም»

ከሁሉም በላይ የተስፋፋውና ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ስሕተት ይህ ነው። እርግጥ ሶፍትዌሩ ርካሽ ነው፤ የማድሪድ ከተማ ያሠራው ኮንሱል እና የባርሴሎናው ዴሲዲም ማንም ወስዶ በነጻ ሊተክላቸው ይችላል። ወጪው ያለው ሰው ላይ ነው፦ ጥያቄውን የሚጽፍ፣ የሕግ ጉዳዩን የሚያይ፣ ስድብና ማስታወቂያ የሚያጠራ፣ የመጣውን የሚያነብ፣ መልስ የሚሰጥ።

የብሪታንያ ግምጃ ቤት በ2010 የበጀት ቅነሳ ሐሳብ እንዲያዋጡ የመንግሥት ሠራተኞችንና ሕዝቡን ጠይቆ ከ100,000 በላይ ሐሳቦች ደረሱት። በራሳችን እናስላው። አንዱን ሐሳብ አንብቦ ለመመደብ 5 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል ብንል፣ 500,000 ደቂቃ ወይም ከ8,300 ሰዓት በላይ ይሆናል። አንድ ሠራተኛ በዓመት ወደ 2,000 ሰዓት ይሠራል ካልን አራት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይነኩ ማንበብ አለባቸው ማለት ነው። ያውም እያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ጊዜ ብቻ ተነቦ ነው፤ አከራካሪውን ሁለተኛ ሰው ይየው ከተባለ ሒሳቡ ያድጋል።

ስለዚህ ገጹ ከመከፈቱ በፊት መሠራት ያለበት ሒሳብ ቀላል ነው፦ የሚጠበቀው ብዛት፣ ሲባዛ ለአንዱ በሚያስፈልገው ደቂቃ፣ ሲባዛ በአንባቢዎች ቁጥር። ውጤቱ ካለው የሰው ኃይል ከበለጠ መቀነስ ያለበት ጥያቄው ነው። «አገልግሎታችን እንዴት ይሻሻል?» የሚል ጥያቄ ሁሉን ያስገባል። «የንግድ ፈቃድ ለማደስ ከሚጠየቁት ሰነዶች የትኛው በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ አስቀድሞ አለ?» የሚለው ግን መልሱ አጭር ነው፣ ተጣርቶም ይረጋገጣል። ቅጹም ያግዛል፦ በአንድ ቅጽ አንድ ሐሳብ፣ ከ300 ቃል ያልበለጠ፣ «ይህ አሁን ማንን ስንት ያስወጣል?» የሚል የግዴታ ሳጥን፣ ከመላኩ በፊት ተመሳሳይ ሐሳብ ካለ ፈልጎ የሚያሳይ መስክ። ይህ የመጨረሻው ከተረሳ አንዱ ሐሳብ በአርባ ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል፤ ድምፁም በአርባ ይከፈላል።

ጥቅሙ ሲለካም አካፋዩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሪፖርቶች የጎብኚና የሐሳብ ቁጥር ይደረድራሉ፤ ያ ግን የማስታወቂያውን ጉልበት እንጂ የገንዘቡን ፍሬ አያሳይም። ጠቅላላ ወጪው፣ የሠራተኛ ሰዓት ጭምር፣ ሥራ ላይ በዋሉት ሐሳቦች ቁጥር ይካፈል፤ ከዚያ ያንኑ ነገር በጨረታ ወይም በአማካሪ ማሠራት ከሚያስወጣው ጋር ይነጻጸር። ሁለተኛውን ቁጥር ማንም አስቀድሞ ካልያዘው በኋላ አይገኝም።

«በሽልማት ከሆነ የምንከፍለው ለውጤት ብቻ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ድርጅት ዳርፓ በ2004 ሾፌር የሌለው ተሽከርካሪ በረሃ እንዲያቋርጥ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቀረበ። ከሁሉ የተሻለው ተሽከርካሪ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሄዶ ቆመ። ሽልማቱን የወሰደ አልነበረም። በ2005 ሽልማቱ 2 ሚሊዮን ሆነ፤ አምስት ተሽከርካሪዎች መንገዱን ጨረሱ፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሸነፈ። በተለመደው የምርምር ውል ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ወጥቶ ያልቅ ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን አለ። መንገዱን ማዘጋጀት፣ ደኅንነት፣ ዳኞች፣ የሕግ ሥራ አሸናፊ ኖረም አልኖረም ይከፈላል። መንግሥት ያልከፈለበትን ድካም ደግሞ ተወዳዳሪው ተሸክሞታል፤ ይህን የሚያውቁ ጥሩ ባለሙያዎች ሽልማቱ ትንሽ ከሆነ አይመጡም፣ ከመጡም መሐል ላይ ይተዋሉ። መድኃኒቱ ውድድሩን በደረጃ መክፈል ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃና የጤና መሥሪያ ቤቶች በ2012 የአየር ብክለትንና የሰውነት ምላሽን አብሮ የሚለካ መሣሪያ ሲጠይቁ መጀመሪያ በንድፍ ብቻ አወዳደሩ፤ አራት ቡድኖች 15,000 ዶላር እየተሰጣቸው ናሙና ሠሩ፣ ለመጨረሻው አሸናፊ 100,000 ዶላር ተመደበ። የንድፉ ዙር ደካማውን በርካሽ ያጣራል፤ የናሙናው ገንዘብ ደግሞ ጠንካራው እንዳይሸሽ ይይዘዋል።

ሽልማት የሚሠራው ፈተናውን ዘዴውን ሳይጠቅሱ መግለጽ ሲቻል ነው። ናሳ ለጠፈርተኞች አደገኛ የሆነውን የፀሐይ ጨረር አስቀድሞ መተንበይ ፈልጎ ጥያቄውን ኢኖሴንቲቭ በሚባል መድረክ አወጣ፤ 30,000 ዶላሩን የወሰደው ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ መሐንዲስ ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ ርካሽ የሚሆነው ያለፈው ዘመን መረጃ ስላለና ትንበያው ከተመዘገበው ጋር ተመዝኖ ስለሚለይ ነው። «ወጣቶች ለግብርና ፍቅር እንዲያድርባቸው» የመሰለ ርዕስ ይህ መለኪያ የለውም፤ ዳኞቹ በመጨረሻ ያማረውን አቀራረብ ይሸልማሉ።

በመረጃ ላይ የተመሠረተ ውድድር ከሆነ መፈተኛው መረጃ ለሁለት ይከፈል። አንዱ ክፍል ተወዳዳሪዎች በየቀኑ ውጤታቸውን የሚያዩበት ሰንጠረዥ ይሆናል፤ ሌላው እስከ መጨረሻ ተደብቆ አሸናፊው በእሱ ብቻ ይለያል። ይህ ካልተደረገ ተወዳዳሪዎች ሰንጠረዡን ለማስደሰት ይሠራሉ፤ ያሸነፈው ፕሮግራምም እውነተኛ ሥራ ላይ ሲገባ ይወድቃል።

ከዚያም በኋላ የሚመጣ ወጪ አለ። የመንግሥት ባይሆንም፣ ፊልም የሚያከራየው ኔትፍሊክስ ለደንበኛ የሚስማማውን ፊልም የሚገምት ስሌት ለማግኘት ያወጣው ውድድር ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ኩባንያው በ2009 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ የመጨረሻውን አሸናፊ ስሌት ግን ወደ ሥራ ለማስገባት የሚጠይቀው የምሕንድስና ድካም አያዋጣም ብሎ ተወው። መንግሥት ላይ ይህ ይብሳል፤ ሽልማቱ ግዢ ስላልሆነ ካሸናፊው ለመግዛት እንደገና ሌላ ሂደት ይጠይቃል። «አሸናፊውን ተቀብሎ የሚያሠራው የትኛው ክፍል ነው፣ በየትኛው በጀት?» የሚለው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ካልተመለሰ ሽልማቱ የዜና ወጪ ሆኖ ይቀራል።

«ማንም ከየትም ዓለም ሆኖ ያሸንፋል፤ ያሸነፈውም ሐሳብ የመንግሥት ይሆናል»

ይህ በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎችን በቀጥታ ይመለከታል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውድድሮቻቸውን የሚያወጡበት ቻሌንጅ ዶት ጎቭ የተባለ ድረ ገጽ በ2010 ተከፈተ። በ2011 መጀመሪያ የተፈረመው ሕግ ለሁሉም መሥሪያ ቤቶች ሽልማት የማውጣት ሥልጣን ሰጠ፤ ገደብም አስቀመጠ። በዚህ ሕግ ሥር የገንዘብ ሽልማት የሚወስድ ግለሰብ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ይወዳደራል፤ አዲስ አበባ ሆኖ ቋሚ ነዋሪነት የሌለው ገንዘቡን አይወስድም። ድርጅት ከሆነ እዚያው የተመዘገበና ዋና ሥራውን እዚያው የሚያካሂድ ይሁን ይላል። በሌላ ሥልጣን የሚካሄዱ ውድድሮች የተለየ ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል ሳምንታት ከማጥፋት በፊት የብቁነት ክፍሉን ማንበብ ነው።

የአእምሯዊ ንብረትን በተመለከተ ያው ሕግ መንግሥት ያለ ተወዳዳሪው የጽሑፍ ስምምነት ድርሻ እንዳይወስድ ይከለክላል። ግን «እስማማለሁ» የሚለው ምልክት ራሱ ስምምነት ሊሆን ይችላል። የሽልማት ገንዘብ ደግሞ ግብር አለበት።

«ብዙ ድምፅ ያገኘው ምርጡ ነው»

በ2016 የብሪታንያ የአካባቢ ምርምር ምክር ቤት 200 ሚሊዮን ፓውንድ ለሚያወጣ የምርምር መርከብ ስም ሕዝቡን ጠየቀ። «ቦቲ መክቦትፌስ» የሚል የቀልድ ስም ከ124,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። መርከቡ ሰር ዴቪድ አተንቦሮ ተባለ፤ የቀልዱ ስም መርከቡ ለሚይዘው ትንሽ ሰርጓጅ መሣሪያ ተሰጠ። በዚህ የተጎዳ የለም፤ እንዲያውም መርከቡን አስተዋውቆታል። ተመሳሳይ አሠራር ለበጀት ሲውል ነው ችግሩ።

ችግሩ ቀልደኛው ብቻ አይደለም። በድምፅ ብዛት የሚደረደር ገጽ ላይ ቀድሞ የተለጠፈ ሐሳብ ቀድሞ ይታያል፣ ስለታየ ድምፅ ያገኛል፣ ድምፅ ስላገኘ ከላይ ይቀመጣል። በአሥረኛው ቀን የመጣ የተሻለ ሐሳብ ገጽ 14 ላይ ተኝቶ ይቀራል። የሚሠሩ መፍትሔዎች አሉ፦ ድምፅ ቆጠራውን እስከ መዝጊያው መደበቅ፣ ቅደም ተከተሉን ለእያንዳንዱ ጎብኚ በዕጣ ማቀያየር፣ ወይም ሁለት ሁለት ሐሳብ እያቀረቡ «ከሁለቱ የቱ?» ማለት። የኒው ዮርክ ከተማ ለአካባቢ ዕቅዱ ይህን የመጨረሻውን ተጠቅሟል። ታይዋን በ2015 በስልክ መኪና የሚያስጠራውን የኡበርን ጉዳይ ያወያየችበት ፖል ዶት ኢስ (Pol.is) የተባለ የኢንተርኔት መሣሪያ ደግሞ ለሌላው ሰው ጽሑፍ መልስ መስጫ ቁልፍ የለውም፤ ሰው በሌላው ሐሳብ መስማማት ወይም አለመስማማት ይችላል፣ የራሱንም ይጽፋል፣ መሰዳደቢያ ቦታ ግን አያገኝም። በእኛ እምነት ከዚህ ሁሉ ዘርፍ ውስጥ ብልሁ የንድፍ ውሳኔ ይህ ነው።

«በጎ ፈቃደኛ የነካው መረጃ አይታመንም»

የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት በ2012 ዋስትና የሰጣቸው ብድሮች የት ቦታ እንደተሰጡ በካርታ ማስቀመጥ ፈልጎ ነበር። ወደ 117,000 መዝገቦች ነበሩ፤ ብዙውን ማሽን ሠራው፣ ማሽኑ ያቃተውን 10,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች በ16 ሰዓት ጨረሱት። ትክክለኛነቱ ሲመዘን የማሽኑ 64 በመቶ፣ የበጎ ፈቃደኞቹ 85 በመቶ ሆነ፤ ያውም ለሰዎቹ የደረሰው አስቸጋሪው ክፍል ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ግን ሎሚውን ቆጥሮ የሚያድል ሲኖር ነው። መዝገቡ በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ቁራጭ መሆን አለበት። አንዱ መዝገብ ለሦስት ሰዎች ይሰጣል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ያልፋል፣ ሦስቱም ከተለያዩ ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ከሃያ አንዱ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ እሱን ደጋግሞ የሚስት ሰው ሥራው በሙሉ እንደገና ይታያል። «አላውቅም» የሚል ቁልፍ ከሌለ ሰው ይገምታል፤ ግምት ደግሞ ከስሕተት ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል። የግል ስም ወይም ስልክ ያለበት መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ይጸዳል። የሕግ ጉዳይም አለ፤ የአሜሪካ ሕግ መሥሪያ ቤቶች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዳይቀበሉ በጥቅሉ ስለሚከለክል ተሳታፊው ክፍያ እንደማይጠይቅ አስቀድሞ መስማማት ነበረበት።

«ብዙ ሰው ከገባ ሕዝቡን ወክሏል»

ቦስተን በ2012 ያወጣችው ስትሪት ባምፕ መተግበሪያ ስልክ መኪና ውስጥ ሆኖ የመንገድ ጉድጓድን በንዝረት ይለያል። ስማርት ስልክ ያልበዛበት የድሃና የአዛውንት ሰፈር ጉድጓድ ስለማይመዘገብ መንገዱ ደኅና ይመስላል፤ የጥገናው ገንዘብም ወደ ሌላ ይሄዳል። ከተማዋ ይህን አስቀድማ አይታ መተግበሪያውን መጀመሪያ ሁሉንም ሰፈር ለሚዞሩ የራሷ የመንገድ ተቆጣጣሪዎች ሰጠች።

ውክልና የሚፈለግ ከሆነ በዕጣ መምረጥ ነው። አይስላንድ ለአዲስ ሕገ መንግሥት በ2010 950 ሰዎችን በዕጣ ሰብስባ አወያየች፤ በ2011 የ25 ሰዎች ምክር ቤት ረቂቁን በኢንተርኔት እየለጠፈ በፌስቡክ ጭምር አስተያየት ተቀበለ። ዕጣው የሕዝቡን መልክ ይሰጣል፣ ክፍቱ ገጽ ደግሞ ጉዳዩን የሚያውቀውን ሰው ያመጣል።

«ሐሳቡ ከተሰበሰበ ሥራው አለቀ»

የአይስላንድ ረቂቅ በጥቅምት 2012 ሕዝበ ውሳኔ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ አገኘ፤ ፓርላማው ግን አላጸደቀውም። ፊንላንድ በ2013 ከመንገድ ውጪ ስለሚነዱ ተሽከርካሪዎች ሕግ ስታዘጋጅ ሕዝቡ 500 ያህል ሐሳብና 4,000 ያህል አስተያየት ሰጠ፤ ሚኒስትሩ ተቀየሩና ረቂቁ ቆመ። ሁለቱም ቦታ መድረኩ በሚገባ ሠርቷል። የጠፋው ወዲያኛው ወገን ላይ የመቀበል ግዴታ ነው። ስለዚህ የጥያቄው ገጽ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ የሚወስነው ኃላፊ የሥራ መደብ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን፣ ሊቀየር የማይችለው ነገር። ሦስተኛውን መሥሪያ ቤቶች መጻፍ አይወዱም፤ ተሳታፊውን ከከንቱ ድካም፣ አንባቢውን ሠራተኛ ደግሞ ከብዙ ሺህ ገጽ የሚያድነው ግን እሱ ነው።