የባሕር ዓሣ ገንዳ ሲጎድል በምን ይሞላል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የባሕር ዓሣ ማርባት የጀመረ ሰው ቶሎ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዳው የጨው ውሃ ሆኖ ሳለ ሲጎድል የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨውማ እዚያው ይቀራል።

100 ሊትር በሚይዝ ገንዳ እናስላው። በሊትር 35 ግራም ሂሳብ 3.5 ኪሎ ጨው አለበት። 5 ሊትር ሲተን ጨዋማነቱ በሊትር ወደ 37 ግራም ይጠጋል። ጉድለቱን በጨው ውሃ ከሞላችሁት 175 ግራም ትርፍ ጨው ገባ ማለት ነው፤ 10 ጊዜ ቢደጋገም በሊትር ከ52 ግራም ያልፋል፤ ያን ዓሣው አይችለውም። ስለዚህ የውሃውን ልክ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና በየቀኑ እስከዚያ ሙሉ፤ በበጋማ ፈጽሞ እንዳትዘነጉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና ማዕድን ስላለበት የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ።

የጨው ውሃ የሚጨመረው አሮጌውን ውሃ ቀድታችሁ ስትቀይሩ ነው፤ ያኔ ጨውም አብሮ ወጥቷልና። ከአፋር የሚመጣው የወጥ ጨው ለዚህ አይሆንም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም በሚገባው መጠን የለውም። ለገንዳ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በጥብጣችሁ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ጨዋማነቱን በሃይድሮሜትር፣ ማለትም በጨዋማነት መለኪያው፣ ለኩት። በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሃይድሮሜትር ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።